«ምኑ ነው ይህን ያህል የሚወደደው?» ስለ «ፎርኤቨር ቼንጅስ» አልበም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? ጊታር እጫወታለሁ፤ የድሮ ሮክም እወዳለሁ። ሰሞኑን አንድ የሥራ ባልደረባዬ የላቭ ባንድን ‹ፎርኤቨር ቼንጅስ› የተባለ ሸክላ አዋሰኝ። የ1967 ሥራ ነው። ‹ከዚህ የሚበልጥ አልበም የለም› አለኝ። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ደስ ይላል፤ ግን ቀለለብኝ። ቫዮሊን አለ፣ ትራምፔት አለ፣ የድሮ ፊልም ማጀቢያ ይመስላል። ሳይኬደሊክ፣ ያ ቅዠት የሚመስለው ሮክ፣ ሲባል የጠበቅኩት የሚጮህ ጊታር ነበር። ደግሞ በጊዜው ብዙም አልተሸጠም አሉ። ታዲያ ከ50 ዓመት በላይ ሰው የሚወደው ምኑን ነው? እኔ ያልሰማሁት ምንድን ነው? ልግዛው ብልስ የትኛውን ቅጂ ትመክረኛለህ?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ያልኩት እንዳንተው ነው። «ቆንጆ ነው፤ ግን ቀላል ነው» ብዬ ሸክላውን ወደ መደርደሪያው መለስኩት። ለሁለት ዓመት ያህል ዞር ብዬም አላየሁት።

መልሼ ያወጣሁት በሥራ ምክንያት ነው። ሙዚቃ አቀናባሪ ነኝ። ያኔ ለአንድ ድምፃዊ ስለ ሞት የሚናገር ዘፈን እያቀናበርኩ ነበር። ቫዮሊን ስጨምርበት ዘፈኑ ስኳር ይሆንብኛል። ሳወጣው ራቁቱን ይቀራል። ሦስት ሌሊት ታገልኩት። በዕድሜ የሚበልጠኝ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ችግሬን ሰምቶ «ያንን የላቭን አልበም እንደገና ስማው፤ ግን ግጥሙን እያነበብክ ስማው» አለኝ። ግጥሙን ይዤ ቁጭ አልኩ። ስድስተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ ተነሥቼ ማጫወቻውን አጠፋሁት። ፈራሁ።

አንተ እስካሁን የሰማኸው ዜማውን ይመስለኛል። ዜማው እውነትም ጣፋጭ ነው። ቃሉ ግን ፍርሃት ነው። አልበሙ የ22 ዓመት ልጅ «በቅርቡ እሞታለሁ» ብሎ አምኖ የሚሰናበትበት ሥራ ነው። የዜማው ውበት ፍርሃቱን ለመሸፈን አልመጣም። ፍርሃቱም ውበቱን አያበላሸውም። ሁለቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳያሸንፍ። ሰውን ይህን ያህል ዘመን የያዘው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

እስቲ ሰዎቹን ላስተዋውቅህ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የባንዱ መሪ አርተር ሊ በ1945 በአሜሪካ ሜምፊስ፣ ቴኔሲ ተወለደ። ያደገው ግን ሎስ አንጀለስ ነው። ሊድ ጊታሩን የሚጫወተው ጆኒ ኤኮልስም የሜምፊስ ልጅ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥም አብረው ያደጉ ናቸው። ሁለቱም ጥቁሮች ናቸው። ሁለተኛው ጊታሪስትና ዘፋኝ ብራያን ማክሊን ነጭ ነው። ከዚያ በፊት «ዘ በርድስ» ከተባለው ዝነኛ ባንድ ጋር እየዞረ ዕቃ ያዘጋጅላቸው ነበር። እናቱ የፍላሜንኮ፣ የስፔን ባህላዊ ጭፈራ፣ ዳንሰኛ ነበረች፤ ይህን ያዝልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ቤዙን ኬን ፎርሲ፣ ድራሙን ማይክል ስቱዋርት ይጫወታሉ። በ1965 ጥቁርና ነጭ አንድ ላይ ሆነው ሮክ የሚጫወቱበት ባንድ፣ ያውም በጥቁር የሚመራ፣ በጣም ብርቅ ነበር።

ያስፈረማቸው ኤሌክትራ ነው። ጃክ ሆልዝማን በ1950 የመሠረተው የፎክ ሙዚቃ ኩባንያ ነበር። ወደ ሮክ የገባው በእነሱ ነው ማለት ይቻላል። «ዘ ዶርስ» የተባለውን ባንድ ሄደህ እይ ብሎ ሆልዝማንን የመከረው ራሱ አርተር ሊ ነው። ዶርስ ተፈረሙ፤ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓለምን አዳረሱ። ሊ ግን እዚያው ሎስ አንጀለስ ቀረ። ከከተማው ወጥቶ መጫወት አይወድም ነበር።

አሁን 1967ን አስበው። ጁን መጀመሪያ ላይ የቢትልስ «ሳርጀንት ፔፐር» ከወጣ ገና ቀናት ነው። በዚያው ወር ካሊፎርኒያ ውስጥ ትልቁ የሞንተሬይ ሙዚቃ ፌስቲቫል ተደረገ። ወጣቱ ጸጉሩን አሳድጎ፣ አበባ ሰክቶ፣ ዓለም በፍቅር ልትለወጥ ነው ይላል። ያን ወቅት እስካሁን «የፍቅር በጋ» እያሉ ይጠሩታል። ባንዱ ስሙ ራሱ «ፍቅር» ነው። ሊ ግን ያን ደስታ አላመነውም። የሚኖረው ከከተማዋ በላይ ኮረብታ ላይ ነበር። ቁልቁል ከተማዋን ያያል። ቬትናም ውስጥ ጦርነት እየከፋ ነው። ጁላይ ላይ ዲትሮይት ከተማ በአመፅ ተቃጠለች። ከዚያ በፊት በነበረው ኖቬምበር ሰንሴት መንገድ ላይ ፖሊስና ወጣቶች ተጋጭተው ነበር፤ እነሱ የሚጫወቱባቸው ክለቦች ያሉበት መንገድ ነው። በዚህ መሐል ሊ የራሱ ሞት እንደቀረበ በልቡ አሳመነ። የታመመ አልነበረም። እንዲሁ አመነ። እናም እነዚህን ዘፈኖች እንደ መጨረሻ ቃሉ ጻፋቸው።

ቀረጻው ጁን 9 ሆሊውድ ውስጥ ሰንሴት ሳውንድ በተባለው ስቱዲዮ ተጀመረ። ፕሮዲውሰሮቹ ራሱ ሊና ብሩስ ቦትኒክ ናቸው። ቦትኒክ የዶርስን ድምፅ የቀዳ መሐንዲስ ነው። መጀመሪያ ከእሱ ጋር እንዲሠራ የታሰበው ዘፋኙ ኒል ያንግ ነበር፤ ግን ሳይሆን ቀረ። የመጀመሪያው ቀን ላይ የሆነውን ነገር ሁሌም ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። የባንዱ ልጆች በዕፅና በስንፍና ተዳክመው ነበር። ሊና ቦትኒክ ምን አደረጉ? በሎስ አንጀለስ አሉ የተባሉ የስቱዲዮ ተጫዋቾችን ጠሩ። ሃል ብሌይን ድራም ላይ፣ ዶን ራንዲ ኪቦርድ ላይ፣ ቢሊ ስትሬንጅ ጊታር ላይ፣ ካሮል ኬይም አብራቸው ነበረች። በዚያች ቀን ሁለት ዘፈን ተቀዳ፤ «አንድሞርአጌይን» እና «ዘ ዴይሊ ፕላኔት»። የባንዱ ልጆች የገዛ ዘፈናቸውን ሌላ ሰው ሲጫወትላቸው ቁጭ ብለው አዩ። አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ነቁ። ተለማምደው መጡና የቀሩትን ዘጠኝ ዘፈኖች ራሳቸው ተጫወቷቸው።

እኔ ያንን ለቅሶ አልበሙ ውስጥ የምሰማው ይመስለኛል። በተለይ ስቱዋርት ድራሙን የሚነካበትን መንገድ ልብ ብለህ ስማው። አይደበድብም። ለመታየት አይሞክርም። ቦታውን ሊያጣ ተቃርቦ የነበረ ሰው አጨዋወት ነው።

አሁን ወደ አንተ ቫዮሊን እንምጣ። በጣም የማፈቅረው ክፍል ይህ ስለሆነ ታገሠኝ።

ብዙ ጊዜ ቫዮሊን ዘፈን ላይ የሚጨመረው ለማሳመር ነው። በእኛም ዘንድ ልማዱ አለ። ኪቦርዱ ላይ «ስትሪንግ» የሚለውን ድምፅ ይከፍቱና ከዘፋኙ ሥር ከዳር እስከ ዳር ያነጥፉታል። እንደ ምንጣፍ ነው። እዚህ አልበም ላይ እንደዚያ አይደለም። ሊ ኖታ አይጽፍም ነበር። ዴቪድ ኤንጅል የተባለ አቀናባሪ ቤቱ ድረስ መጣለት። ሊ እያንዳንዱን የቫዮሊንና የትራምፔት መስመር በአፉ አዜመለት፤ ኤንጅል ጻፈው። ለሳምንታት እንዲህ ሠሩ። ከዚያ ሴፕቴምበር ላይ፣ ባንዱ ተጫውቶ ከጨረሰ በኋላ፣ የክርና የትንፋሽ ተጫዋቾች ገብተው ተቀዱበት።

በአፍ የተዜመ መስመር በጣት ከተፈለገ መስመር ይለያል። ይተነፍሳል። ለዚህ ነው ቫዮሊኑ እዚህ አልበም ላይ ከዘፋኙ ሥር የማይተኛው። ዘፋኙ አንድ ስንኝ ብሎ ሲያቆም ቫዮሊኑ ይመልሳል። አንዳንዴ ይስማማል። አንዳንዴ ደግሞ «እንዲያ አይደለም» የሚል ይመስላል። ለምሳሌ ግጥሙ ሲጨልም ክሮቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ያኔ ሆድህ ውስጥ አንድ ነገር ይዞራል፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቅም። አንተ «የፊልም ማጀቢያ» ያልከው ይህ ስሜት ይመስለኛል፤ ልክ ነህ። የሚያጅበው ግን በሥዕሉ ላይ የሌለ ነገርን ነው። እኔ ያን ጊዜ የተቸገርኩበትን ዘፈን የፈታሁት ከዚህ ተምሬ ነው። ቫዮሊኑን ከዘፋኙ ሥር አንሥቼ በስንኞቹ መካከል አስገባሁት። ስኳርነቱ ጠፋ።

የመጀመሪያውን ዘፈን እንውሰድ፣ «አሎን አጌይን ኦር»። የማክሊን ድርሰት ነው። ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው አኩስቲክ ጊታር ቀስ እያለ ይቀርብሃል። አሁን የእናቱን ፍላሜንኮ አስታውስ። ጣቶቹ ላይ አለ። ከዚያ ማንኛውም የሮክ ባንድ የጊታር ሶሎ የሚያስገባበት ቦታ ላይ ትራምፔት ብቅ ይላል፤ የሜክሲኮን የሠርግ ሙዚቃ የሚያስታውስ፣ ፀሐይ የሞላበት። ግጥሙ ግን ስለሚጠብቅ ሰው ነው። ፍቅረኛው አትመጣም። ሰውን ሁሉ ልውደድ ይላል፤ ማታ ግን ብቻውን ነው። ርዕሱ መጀመሪያ «እንደገና ብቻዬን» ብቻ ነበር። ሊ ነው መጨረሻው ላይ «ወይም» የምትለውን ቃል የጨመረባት። ወይም ምን? አይናገርም። አንዲት ቃል ዘፈኑን በሩን ሳይዘጋ እንዲቀር አደረገችው።

ስለዚሁ ዘፈን አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ሚክሱ ሲሠራ፣ ማለትም የተቀዱት ድምፆች ሲደባለቁ፣ የማክሊን ዋና ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሊ ተጓዳኝ ድምፅ ከፍ ተደረገ። ስለዚህ አንተ ዋና ዜማ ነው ብለህ የምታንጎራጉረው በአብዛኛው ተጓዳኙን ነው። ዘፈኑን የሆነ ነገር የጎደለው፣ ትንሽ ዘወር ያለ የሚያስመስለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በሄድፎን ስማው፤ ከሊ ሥር ማክሊን አለ። ያንን ድምፅ አንዴ ካገኘኸው በኋላ ዘፈኑ ሌላ ዘፈን ይሆንብሃል።

«የሚጮህ ጊታር የታለ?» ብለሃል። አለ። ሁለተኛው ዘፈን፣ «ኤ ሃውስ ኢዝ ኖት ኤ ሞቴል»፣ መጨረሻው ላይ የኤኮልስ ጊታሮች እርስ በርስ ሲቧጨሩ ትሰማለህ። «ሊቭ ኤንድ ሌት ሊቭ» መጨረሻ ላይም አለ። ግን አስተውል፣ የሚመጡት ዘፋኙ የሚለውን ጨርሶ ዝም ሲል ነው። ቃል ያቃተውን ጊታር ይለዋል። በቀረው ጊዜ አኩስቲክ ጊታር ነው የሚነዳህ። ከአንድ ዓመት በፊት ይህ ባንድ በጣም ጯሂ ነበር። በ1966 «ሰቨን ኤንድ ሰቨን ኢዝ» የሚለው ነጠላ ዜማቸው እንደ ፍንዳታ ነው፤ በአሜሪካ ሠንጠረዥ 33ኛ ደርሷል። እዚያ ላይ ሊ ይጮሃል። እዚህ ግን እንደ ፍቅር ዘፋኙ ጆኒ ማቲስ ለስለስ አድርጎ ይዘፍናል። መጮህ የሚችል ሰው ሆን ብሎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ የበለጠ ያስፈራል።

ሳይኬደሊክ የሚለው ቃል ያሳሳተህም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በዚያ ዘመን ብዙዎች ቃሉን በድምፅ ብልሃት ተረጎሙት። ቴፕ ወደ ኋላ ማጫወት፣ ሲታር፣ ማሚቶ። እዚህ አልበም ላይ ከዚያ ብዙም አታገኝም። እዚህ ያለው የእይታ መዛባት ነው። ዓለምን ከኮረብታ ላይ የሚያይ ሰው፣ ነገር ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታየው፣ ከመጥራቱ የተነሣ የሚያስጨንቀው ሰው። «ሊቭ ኤንድ ሌት ሊቭ» ሱሪ ላይ በደረቀ ንፍጥ ይጀምራል፤ በዚያ በሚያምር ዜማ! መጀመሪያ ስሰማ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም ነበር። «ኤ ሃውስ ኢዝ ኖት ኤ ሞቴል» ውሃ ወደ ደም ስለመለወጡ፣ የዛሬ ዜና የነገ ፊልም ስለመሆኑ ይናገራል። ቬትናምን በስሟ አይጠራትም። አያስፈልገውም።

ሰንሴት መንገድ ላይ ስላለ ሕይወት የሚተርከው ዘፈን ደግሞ አለ። ርዕሱ ረጅም ነው፤ መጨረሻው «ቢትዊን ክላርክ ኤንድ ሂልዴል» ይላል። ክላርክና ሂልዴል ሁለት መንገዶች ናቸው፤ በመካከላቸው «ዊስኪ አ ጎ ጎ» ክለብ አለ። ባንዱ የሚጫወትበት ቤት ነው። እዚህ ዘፈን ላይ ሊ አንድ ቆንጆ ነገር ሠርቷል። የመጨረሻዋን የስንኝ ቃል ይውጣታል። አንተ ቤት እንዲመታ እየጠበቅክ ነው፤ ቃሏ አትመጣም። ከዚያ ቀጣዩ ስንኝ በዚያችው ቃል ይጀምራል። ጆሮህ ሳታዝዘው የጎደለውን ይሞላል። የዘፈኑ ግማሽ የሚዘፈነው አንተ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ሳይኬደሊክ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሁን ወደ ስድስተኛው ዘፈን። «ዘ ሬድ ቴሌፎን» ይባላል፤ የጎን አንድ መዝጊያ ነው። ማጫወቻውን ያስጠፋኝ እሱ ነው። ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ሰዎች ሲሞቱ የሚያይ ሰው ነው የሚናገረው። በወዲያኛው ዓለም እንደሚሻለው ይናገራል። ይህን የሚለው በሹክሹክታ ነው፤ ከሥሩ ሃርፕሲኮርድ አለ፣ የድሮ የቤተ መንግሥት ድምፅ። ቫዮሊኖቹ ይወጣሉ ይወርዳሉ። መጨረሻው ላይ ዜማው ይቀርና ንግግር ይሆናል። ሰዎች እየታሰሩ ነው፤ ነገ ደግሞ ተራው የማን ይሆን፣ ያንተ ወይስ የእኔ? ደጋግሞ ይጠይቃል። ከዚያ አንድ ድምፅ ነፃነት ለሁሉም ይገባል የሚል ነገር ይላል፤ ያልቃል። በ1967 በአሜሪካ ጥቁር ሆኖ ይህን መጠየቅ ተራ ነገር አልነበረም።

ሁሉም ዘፈን እኩል ነው አልልህም። «በመር ኢን ዘ ሰመር» ለእኔ ከሌሎቹ ያንሳል፤ ቀለል ያለ የመንገድ ዘፈን ነው። «ኦልድ ማን» የማክሊን ነው፤ ደግ ዘፈን ነው፤ ብዙም አይዘልቀኝም። ለእኔ እነዚህ ሁለቱ ትንፋሽ መሰብሰቢያ ናቸው። ምክንያቱም መጨረሻው ላይ «ዩ ሴት ዘ ሲን» ይመጣል።

ይህ ዘፈን ሰባት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። እንደ ሁለት ዘፈን ነው። የመጀመሪያው ግማሽ የፎርሲ ቤዝ እየገፋው ይሮጣል፤ ሊ ሰዎችን እያየ ያወራል። ከዚያ በድንገት ሁሉም ነገር ይረጋጋል። ቦታው ይሰፋል። ሊ ከዚህ በኋላ የሚናገረው በዚያ አልበም ላይ እስካሁን ያልተናገረውን ነው። እሞታለሁ፤ ግን አሁን እየኖርኩ ያለሁት ጊዜ የእኔ ነው፤ እያንዳንዱን ቀን በፈገግታ እጋፈጠዋለሁ የሚል ሐሳብ ነው። ትራምፔቶቹ ይነሣሉ፤ እንደ ንጉሥ መግቢያ ይነፋሉ፤ እየነፉ ይርቃሉ። አርባ ደቂቃ ያህል በፍርሃት ውስጥ ስላለፍክ ያቺ ድፍረት ርካሽ አትሆንብህም። ዘፈኑን ለብቻው ብትሰማው ግን እንዲህ አይሠራም። ለዚህ ነው አልበሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስማ የምልህ።

ርዕሱም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ሊ ይተርከው እንደነበረው፣ አንድ ሰው ከፍቅረኛው ጋር ሲለያይ «ለዘላለም እወድሻለሁ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችው። እሱም «ዘላለምም ይለወጣል» አላት። ርዕሱን ከባንዱ ስም ጋር አያይዘህ አንብበው፤ ፍቅር፣ ዘላለም፣ ይለወጣል። ሽፋኑንም እየው። የአምስቱ ሰዎች ፊት በቀለም ተቀላቅሎ አንድ ቅርፅ ሆኗል፤ የቦብ ፔፐር ሥዕል ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ ሊ የተሰበረ የአበባ ማስቀመጫ ይዞ ቆሟል። የአበባ ዘመን ላይ የተሰበረ ማስቀመጫ።

ታዲያ ለምን አልተሸጠም? ኖቬምበር 1967 ወጣ። በአሜሪካ ሠንጠረዥ 154ኛ ላይ ቆመ። በእንግሊዝ ይሻላል፤ 24ኛ ደረሰ። ባንዱ ለጉብኝት አይወጣም። ኦርኬስትራውን መድረክ ላይ ይዞ መውጣትም አይችልም። ኩባንያው ዶርስ ላይ ተጠምዷል። የእኔን ግምት ብትጠይቀኝ ደግሞ፣ ገበያው ሊን የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። ጥቁር ዘፋኝ ሶል የሚባለውን የጥቁሮች ሙዚቃ እንዲዘፍን ይጠበቅ ነበር። ሊ ደግሞ አኩስቲክ ጊታርና ቫዮሊን ይዞ፣ በለሰለሰ ድምፅ ስለ ሞት ይዘፍናል። ከዚህም በላይ በዚያ ዓመት ሰው መስማት የፈለገው ተስፋ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የአበባው ዘመን አለቀ። ተስፋ ላይ ብቻ የቆሙት የ1967 አልበሞች ዛሬ የዘመናቸው ልብስ ሆነው ይሰማሉ። እንወዳቸዋለን፤ ግን እንደ ትዝታ ነው። ይህ አልበም ከጅምሩ ዘመኑን ስላላመነው ከዘመኑ ጋር አላረጀም። ጆሮ ላይ ጆሮ እየጨመረ ሄደ። እንግሊዝ ውስጥ በተለይ የሊቨርፑል ሙዚቀኞች እንደ መማሪያ ያዙት። ፓንክ ይጫወቱ የነበሩት «ዘ ዳምድ» በ1987 «አሎን አጌይን ኦር»ን ዘፈኑት። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት በ2003 ከምንጊዜም ምርጥ አልበሞች 40ኛ ብሎ አስቀመጠው፤ በ2020 ዝርዝሩ ወደ 180ኛ አወረደው። ለቁጥሮቹ ብዙ አልጨነቅም። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ግን ለትውልድ እንዲጠበቁ ከሚመርጣቸው ቅጂዎች መካከል አስገብቶታል።

ሊ በ22 ዓመቱ አልሞተም። ባንዱ ግን በ1968 ተበተነ። ሊ ሌሎች ተጫዋቾችን ይዞ ቀጠለ፤ እዚህ ከፍታ ላይ ግን ዳግም አልደረሰም። ማክሊን በ1998 የገና ዕለት አረፈ። ፎርሲም በዚያው ዓመት ሞተ። ሊ በ1996 ከመሣሪያ ጋር በተያያዘ ክስ ተፈርዶበት እስከ 2001 መጨረሻ ታሰረ። «ነገ ተራው የማን ይሆን» ያለውን ሳስታውስ ይከብደኛል።

ከእስር ሲወጣ ግን አንድ ነገር አደረገ። በጃንዋሪ 2003 ለንደን፣ ሮያል ፌስቲቫል ሆል መድረክ ላይ ቆመ። ከኋላው «ቤቢ ሌሞኔድ» የተባለ ወጣት ባንድና ከስዊድን የመጡ የክርና የትንፋሽ ተጫዋቾች ነበሩ። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተው። በ1967 ይዞት ሊወጣ ያልቻለውን ኦርኬስትራ በ57 ዓመቱ ይዞት ወጣ። ቅጂው አለ፤ ፈልገህ ስማው። ድምፁ ጎርነን ብሏል። «ዩ ሴት ዘ ሲን» ሲደርስ ያ የ22 ዓመት ልጅ የጻፈውን ቃል የኖረ ሰው ይዘፍነዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ኦገስት 2006፣ ተወልዶባት በነበረችው ሜምፊስ በደም ካንሰር አረፈ።

ስለ ቅጂ ጠይቀኸኛል። ሸክላ ማጫወቻ ካለህ ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ማንኛውም የስቴሪዮ እትም ይበቃሃል፤ ለመጀመሪያው የ1967 እትም ብዙ ብር አታውጣ። እንዳንተ መጫወት ለሚወድ ሰው ግን ራይኖ የተባለው ኩባንያ በ2001 ያወጣውን ሲዲ እመርጣለሁ። መጨረሻው ላይ ከአልበሙ የቀሩ ሥራዎችና ባንዱ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ዘፈን እየደጋገመ ሲሞክር የሚሰማበት ቅጂ አለው። በ2018 የወጣው የ50ኛ ዓመት ሳጥንም አለ፤ እሱ ግን አንዴ በደንብ ከወደድከው በኋላ ነው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። «ዘ ጉድ ሂዩመር ማን» የሚለው ዘፈን ሲያልቅ ሙዚቃው ይንተባተባል፤ መርፌው የተያዘ ይመስላል። ባልደረባህ ያዋሰህ ሸክላ ተጭሮ አይደለም። ቴፑን ራሳቸው ናቸው እንዲያ የቆራረጡት። መርፌውን አታንሣ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዘፈን ነው የቀረህ።